የተኛ ሰው ምስክር

እንቅልፍ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ድኻውም ባለጸጋውም፣ ሹሙም ተላላኪውም እኩል የሚሆኑበት ስፍራ ቢኖር መኝታ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ይህ እኩልነት ቢመረመር ብዙም የሚጸና አይደለም። አንዱ ስምንት ሰዓት ተኝቶ ታድሶ ሲነሣ፣ ሌላው ያንኑ ያህል ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ እንዳደረ ሰው ደክሞ ይነሣል። ይህ ሁለተኛው ሰው ምን እንደ ደረሰበት ቢጠየቅ የሚመልሰው ቃል የለውም፤ ነገሩ ሁሉ የሆነው እሱ ከራሱ በተለየበት ሰዓት ነውና። ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላቀርብ ያሰብኩት ስለዚሁ ሰው ነው፤ ይልቁንም ይህ ሰው አንድ ቀን ሐኪም ቤት ገብቶ በመድኃኒት ኃይል እንዲተኛ በተደረገ ጊዜ ስለሚያገኘው አደጋ ነው። ጉዳዩን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት አይደለም፤ ያ ሰው እኔው ነኝ።

በጂንካ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ስኖር እነሆ 16ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሥራዬም ጠባይ ከወንበር ይልቅ መንገድ የሚያበዛ ስለ ሆነ፣ በቀይ አፈር፣ በዲመካ፣ በቱርሚና በኦሞራቴ ያደርኳቸው ሌሊቶች ተቈጥረው የሚያልቁ አይደሉም። በእንዲህ ያለው ጉዞ ሦስትም አራትም ሆኖ በአንድ ክፍል ማደር የተለመደ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በአንደኛው ላይ ባልደረቦቼ «ጄኔሬተር» የሚል ስም አወጡልኝ። የኔ ማንኮራፋት የኦሞራቴን ሙቀትና የወንዙን ትንኝ ሁሉ እንዳስረሳቸው እየማሉ ሲያወሩ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ነገር አዋቂ የሆነ ጎልማሳ ሾፌር፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ እንዲህ አለ፦ «እኛን የሚቀሰቅሰን የጄኔሬተሩ መጮህ አይደለም፤ መጥፋቱ ነው። ድንገት ጸጥ ሲል ሁላችንም ብድግ እንላለን፤ እየተንገራገጨ እስኪነሣ ድረስ ዳግመኛ እንቅልፍ አይወስደንም።» በቦታው የነበርን ሁሉ ሳቅን። ያ ሾፌር በዚያች ጧት የተናገረው ቃል፣ ሐኪሞች በኋላ ከነመሣሪያቸው ካገኙብኝ ነገር የሚያንስ አልነበረም።

ማንኮራፋት በእኛ አገር የሚያስቅ ወይም የሚያሳፍር ነገር እንጂ የሚያሳስብ ነገር ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም ጥሩ በልቶ ጥሩ የተኛ ሰው ምልክት ተደርጎ ይታያል። ሚስት ባሏ እንደሚያንኮራፋ ለጎረቤቷ ታወራ ይሆናል፤ ለሐኪም ግን አትናገርም፤ ሐኪሙም አይጠይቃትም። በእንቅልፉ ሲታፈንና ሲንፈራገጥ ያየችው እንደ ሆነ ደግሞ «ዱካክ ተጫነው» ትላለች። ዱካክ የሚባለው፣ ሰው ነቅቶ ሳለ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ሲሳነውና ደረቱን የተጫነው ነገር ያለ ሲመስለው፣ ከዚህ የተለየ የእንቅልፍ ጠባይ ነው። ባለቤቴ ግን ሁለቱን የምትለይበት መንገድ አልነበራትም፤ ሌሊት ትንፋሼ ሲጠፋባት በስመ አብ ብላ፣ ትከሻዬን ነቅንቃ፣ ትንፋሼ ሲመለስ እሷም ተመልሳ ትተኛ ነበር። ይህን ከመቼ ጀምሮ እንደምታደርገው አንድ ቀን ብጠይቃት «ልጃችን ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ነው» አለችኝ። ልጃችን ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ የምላሱና የጉሮሮው ጡንቻዎች ትጉህ ዘበኞች ናቸው፤ የአየሩን መንገድ ወጥረው ይይዙታል። እንቅልፍ ሲወስደው እነሱም አብረው ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ዘንድ ይህ መንገድ የጠበበ ነው፤ ወይ አንገቱ ወፍሯል፣ ወይ መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ነው፣ ወይም እንደ ብዙ ሕፃናት ቶንሲሉ አብጧል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና የጉሮሮውን በር ይዘጋዋል። ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ይህ መቋረጥ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሐኪሞች «አፕኒያ» ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትንፋሽ ማጣት ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እያነሰ ሲሄድ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ ጡንቻዎቹ ይወጠራሉ፤ የተዘጋው በር በታላቅ ድምፅ ይከፈታል፤ ሰውየውም መንቃቱን ሳያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ነገር በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚደጋገምበት ሰው ሕመሙ ጸንቶበታል ይባላል። የደም ግፊትና የልብ ሕመም፣ እንዲሁም ቀን በጠረጴዛ ላይና በመኪና መሪ ላይ ማንቀላፋት ከዚሁ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ።

ሕመሙ በሕክምና ዓለም በሚገባ ከታወቀ ብዙ ዘመን አልሆነውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ መርማሪዎች የተኙ ሰዎችን ትንፋሽ በመሣሪያ ተከታትለው ገለጡት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲዎች ግን ሐኪሞችን ቀድመዋቸዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ በ1836 እና በ1837 በክፍል በክፍል ባሳተመው የፒክዊክ ታሪክ ውስጥ፣ በሥራው ላይ ሳለ የሚያንቀላፋና የሚያንኮራፋ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አለ። ሐኪሞች በ1956 ከዚሁ ጋር ለሚዛመድ ሕመም ስም ሲፈልጉ ከዚያ መጽሐፍ ተዋሱ። በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆነ ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ አንዱ በቀላሉ ሌላው በከባዱ፣ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል።

እንግዲህ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ለዚህ ሰው ትንፋሹን የሚመልስለት ያ ለቅጽበት የሚሆነው መንቃቱ ነው። ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ ሲያስተኛው የሚወስድበትም ይህንኑ ነው። ጡንቻዎቹ ከተፈጥሮ እንቅልፍ ይልቅ ይላላሉ፤ አንጎሉም ኦክሲጅን ሲያንስበት መደንገጡን ይተዋል። ቤቱ ሲቃጠል የሚጮኸው ዘበኛ አብሮ ሰክሯል ማለት ነው።

የዛሬ አራት ዓመት የጨጓራ ሕመም ጸንቶብኝ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። በአንድ ሐኪም ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ጨጓራዬን በጉሮሮ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ለማየት ቀጠሮ ተሰጠኝ። በቀጠሮው ጧት አንዲት ትሑት ነርስ ወረቀት ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ምግብ ከበሉ ስንት ሰዓት ሆነዎት? አስም አለብዎት? ስኳርስ? ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት? የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» እያለች ጠየቀችኝ። ለሁሉም እንደየአግባቡ መለስኩ። ስለ እንቅልፍ የሚጠይቅ መስመር በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ስለ እንቅልፌ የምታውቀው ሰው ደግሞ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢዬን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከሌሎች አፍ ነው። በክንዴ ሥር ከሰጡኝ መድኃኒቶች አንዱ ሚዳዞላም የሚባለው ሲሆን፣ እሱም እንቅልፍ ከማምጣቱ ሌላ ትዝታን የሚፍቅ ነው፤ ሁለተኛው ሕመም የሚያስታግሰው ፔቲዲን ነበር። እያንዳንዳቸው ትንፋሽን ያዘገማሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ኃይላቸው ይበረታል። ካሜራው ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመርኩ፤ ቀጥሎም ዝም አልኩ። በክፍሉ ውስጥ የነበረ አንድ ወጣት እንዳጫወተኝ፣ ዝም ባልኩ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት «አሁን በደንብ ተኛ» ብለው ነበር። በጣቴ ላይ የተሰካችው መሣሪያ 95 ስታነብ የነበረችው ወደ 88፣ ከዚያም ወደ 74 ወረደች። ድምፅዋ ከቁጥሩ ጋር አብሮ እየወፈረ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩን ያላየውም ሰው ሰማው። ሐኪሙ ካሜራውን አወጣ፤ ከሚቀጥለው ክፍል የተጠሩ አንድ የሰመመን ባለሙያ መጡና መንጋጋዬን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ገፍተው፣ ኦክሲጅን በጭምብል ሰጥተው መለሱኝ። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ ብዙ አልበለጠም። እኔ የማስታውሰው ስነቃ ከጆሮዎቼ በታች ያለው አጥንት እንደ ተመታ ሰው ሲያመኝ ብቻ ነው።

እኒያ ባለሙያ ወደ ውጭ ወጥተው ባለቤቴን፣ «እትዬ፣ ጋሼ ሲተኙ ያንኮራፋሉ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። እሷም «ማንኮራፋቱስ ምንም አይደል፤ የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው» አለቻቸው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ወደ ውስጥ ተመልሰው በካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉበት። ሐኪም ቤቱን መውቀስ አይቃጣኝም፤ የተሰካችው መሣሪያ የምትሠራ ነበረች፣ ባለሙያውም ቅርብ ነበሩ። በሌላ ስፍራና በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ላይኖሩ ይችሉ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ 20 ዓመት የታየው ነገር ለመነገር የሚጠብቀው አንድ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው።

ነገሩን ያስታወቀችው ያች በጣት የምትሰካ መሣሪያ ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች። የመሠረት ሐሳቧን ያፈለቀው ታኩኦ አኦያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ግኝቱን ለባልንጀሮቹ ያስታወቀው በ1974 ነው። ሥራዋ የሚያስደንቅ ነው። አንድ ቀይ ብርሃንና ሌላ ዐይን የማያየው ብርሃን በጣት ሥጋ ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክሲጅን የያዘ ደም ቀዩን ብርሃን ያሳልፋል፤ ኦክሲጅን ያጣ ደም ግን ይውጠዋል። መሣሪያዋ ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ብቻ ለይታ ታሰላለች፤ አጥንቱና ጥፍሩ የማይለዋወጡ ናቸውና ትተዋቸዋለች። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የበሽተኛውን ከናፍርና ጥፍር መጥቆር እየተመለከተ ነበር የሚፈርደው። ያ ምልክት ደግሞ የሚታየው ነገሩ እጅግ ከገፋ በኋላ ነው፤ እንደኛ ባለ ጠይም ገላ ላይማ ጭራሹን ሊያመልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና መጠንቀቂያ ዝርዝር ውስጥ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት መሣሪያዋ በበሽተኛው ላይ መሰካቷና መሥራቷ እንዲረጋገጥ አዟል። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 ኦክሲጅንንና ይህችኑ መሣሪያ ለማስፋፋት መምሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ሕዝቡ በስፋት ያወቃት ግን የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2020 ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ነው።

ስለዚህች መሣሪያ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ፍጹም አድርጎ ማየት አደገኛ ነው። በመጀመሪያ ነገር የምታሳየው ያለፈውን ነው፤ በሳምባ የጎደለው ነገር በጣት እስኪታወቅ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ያልፋል። ሁለተኛም በሽተኛው አስቀድሞ ኦክሲጅን በአፍንጫው የተሰጠው እንደ ሆነ፣ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ ቁጥሩ ለብዙ ጊዜ መልካም ሆኖ ይታያል፤ እንዲያ ጊዜ የሚያዋጣው የደረቱን መነሣት ማየትና የትንፋሹን ድምፅ መስማት ነው። ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚነካን ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ስታሳይ እውነተኛው የደም ኦክሲጅን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮቹ ዘንድ በ3.6 በመቶ፣ በጥቁሮቹ ዘንድ ግን በ11.7 በመቶው ነው። ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ በደቡብ ኦሞ ሕዝብ ጣት ላይ የምትታይ 92 ቁጥር ከመጽሐፉ 92 ይልቅ ጠበቅ ብላ መጠየቅ ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የአገሩ ከፍታ ነው። ኦሞራቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር ያነሰች ቆላ ናት፤ ጂንካ ወደ 1,500 ሜትር፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ከኦሞ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እንግዲህ በሳምባው የሚይዘው የኦክሲጅን ስንቅ በመንገድ ላይ ሳለ ይቀንስበታል። (በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራራ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የደም ኦክሲጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ማግኘቱ ዓለምን ያስደነቀ ነገር ነው፤ ያ ግን በዚያው ተወልደው ያደጉት ነው።) ይህን ስንቅ ማብዛት የሚቻልበት ቀላል ዘዴ አለ፤ በሽተኛውን ከማስተኛት በፊት ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲተነፍስ ማድረግ ነው። ተራ አየር ሲተነፍስ የቆየ ሰው ትንፋሹ ቢቆም በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አደጋ ላይ ይደርሳል፤ ኦክሲጅን የተነፈሰ ጤነኛ ሰው ግን እስከ ስምንት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። የወፈረ ሰው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

ከዚያ ከአዲስ አበባው ነገር በኋላ ሌሊቱን በመሣሪያ ተመረመርኩ፤ ትንፋሼ በሰዓት 41 ጊዜ እንደሚቋረጥ ታወቀ። የታዘዘልኝም በአፍንጫ ጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ነው፤ ይህን ሕክምና የአውስትራሊያው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ነው ያስታወቀው። በጂንካ መብራት ካልጠፋ ከማሽኑ ጋር አድራለሁ። መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ባለቤቴ ከሸሚዜ ጀርባ ላይ የሰፋችልኝ የጨርቅ ኳስ አለች፤ በጀርባዬ ልንጋለል ስል ወግታ በጎኔ ትመልሰኛለች። ዘዴው የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ሐኪሞችም የሚያውቁት ነው። አንድ የሐመር ወዳጄም ነገሩን ሰምቶ ቦርኮቶ ሰጠኝ። ቦርኮቶ ከአንድ እንጨት የተጠረበች፣ ቀን መቀመጫ ሌሊት መከዳ የምትሆን ዕቃ ናት፤ የአካባቢው ወንዶች ጎናቸውን ተኝተው ራሳቸውን ያሳርፉባታል። እኔ ሁለት ሌሊት ሞክሬ አንገቴ ስለ ደረቀ አሁን ቡና ሲፈላ የምቀመጥባት ሆናለች። ይልቁንስ አንዳንድ ሰዎች እንጥሌን በባህል ሐኪም እንዳስቆርጥ መክረውኝ ነበር። በውጭ አገር ሐኪሞች ለማንኮራፋት ሲሉ እንጥልንና የላንቃን ጫፍ የሚያስተካክሉበት ቀዶ ሕክምና መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በየቤቱ በስለት የሚደረገው እንጥል ቆረጣ ደም የሚያፈስና የሚመርዝ እንጂ ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

የቶሮንቶዋ የሰመመን ሐኪም ፍራንሲስ ቹንግ በ2008 ከባልደረቦቿ ጋር ስምንት ጥያቄዎችን አዘጋጅታ አሳተመች። ድምፅህ በር ዘግተህ የሚሰማ ማንኮራፋት ነውን? ቀን ይደክምሃል? ተኝተህ ሳለ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብህ? ቀሪዎቹ ስለ ክብደት፣ ከ50 ስለሚበልጥ ዕድሜ፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ የአንገት ዙሪያና ወንድ ስለ መሆን ናቸው። ለሦስቱ አዎን ያለ ሰው ይጠረጠራል፤ ለአምስቱና ከዚያ በላይ አዎን ያለ ሰው ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግለታል። ዋጋዋ አንድ ወረቀትና አምስት ደቂቃ ነው።

ይሁን እንጂ እኔ በምኖርበት አገር ጥያቄዎቹን እንዳሉ መገልበጥ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ሐመርን፣ አሪን፣ ሙርሲን፣ ዳሰነችን፣ ኛንጋቶምን፣ ካሮንና ሌሎችንም ብሔረሰቦች የያዘ ምድር ነው፤ ሐኪሙና በሽተኛው በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። የልደት ዘመኑን በቁጥር የማያውቅ ሽማግሌ ስለ 50 ዓመት ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? የደም ግፊቱ ተለክቶ የማያውቅ ሰውስ? ክብደትና የአንገት ውፍረትም ቢሆኑ ከብት ተከትሎ ሲሄድ የሚውል ቀጭን ሰው ላይ ብዙ አይናገሩም፤ መንጋጋው የጠበበ ቀጭን ሰው ግን ይታፈናል። ስለዚህ ከስምንቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የሦስተኛውን ነው፤ ይኸውም አይቶ የሚመሰክር ሰው መኖሩን የሚጠይቀውን። ሰውየውን ሳይሆን አብሮት የሚያድረውን መጠየቅ ነው።

በገጠር ሆስፒታሎቻችን የተሰበረ አጥንት ሲታሰርና የተቃጠለ ገላ ሲታጠብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኬታሚን ነው። በ1962 የተቀመመው ይህ መድኃኒት ከሌሎቹ ይልቅ ትንፋሽንና የጉሮሮን ጡንቻ ስለማይጎዳ፣ ኦክሲጅንና መብራት በሚቸግርበት ስፍራ ባለውለታ ሆኗል። ሆኖም ከሌላ ማስተኛ ጋር ሲቀላቀል ያ ጥቅሙ ይጎድላል። ከወገብ በታች ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ጨርሶ ሳያስተኙ በጀርባ መርፌ ወገብን ማደንዘዝ የሚቻል ስለ ሆነ፣ በእንቅልፉ ለሚታፈን ሰው ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። ይህ ምርጫ ግን የሚታሰበው ሰውየው የሚታፈን መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ከዲመካ ወዲያ የሚኖሩ፣ በሥራ ምክንያት ለብዙ ዘመን የማውቃቸው አንድ የሐመር ሽማግሌ የቡአ ሕመም ብሶባቸው ለቀዶ ሕክምና መጡ። ባለቤታቸውና የእኅታቸው ልጅ አብረዋቸው ነበሩ፤ ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሆነ አማርኛውን እሱ ያስተረጉማል። እኔም አብሬ ገባሁ። የሰመመኑ ባለሙያ ገና ልጅ እግር ነው። ወረቀቱን ሞልቶ ሲያበቃ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «አባቴ፣ ሌሊት ሲተኙ ከጎንዎ የሚያድረው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። እኔ ምንም አላልኩትም፤ ከየት እንደ ተማረውም አላውቅም።

ልጁ ጥያቄውን ተረጎመ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ባለቤታቸውም ጥቂት ተናገሩ። ልጁ የሳቸውን ቃል ሲያስተላልፍ፣ ሽማግሌው የዓመቱን አብዛኛውን ከከብቱ ጋር በረት እንጂ በቤት እንደማያድሩና እሳቸው ይህን ሊያውቁ እንደማይችሉ ነገረን። ባለሙያው እስክሪብቶውን መልሶ ሊያነሣ ሲል ልጁ፣ «በረት አብሬአቸው የማድረው እኔ ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ» አለ። ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው፣ ሽማግሌው ሲያንኮራፉ ፍየሎቹ እንደማይደነግጡ፣ ዝም ሲሉ ግን እሱ ተነሥቶ ራሳቸውን ወደ ቦርኮቶው እንደሚመልስ ተናገረ። በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ሲጠየቅ የሁለት እጁን ጣቶች ዘረጋ፤ ጥቂት አሰበና እንደ ገና ዘረጋቸው።

ባለሙያው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተማከረና ሥራው በጀርባ መርፌ እንዲሆን ተስማሙ፤ ማስተኛ መድኃኒት አልተሰጠም። ሽማግሌው ነቅተው፣ ስለ በሬዎቻቸው በልጁ አማካይነት ከነርሷ ጋር እያወሩ ተሠራላቸው። ሆኖም አደጋው በዚያው አያበቃም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ሲሰጥ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚያሰጉ ናቸው። ስለዚህ በጎናቸው እንዲተኙ፣ ራስጌያቸው ከፍ እንዲል፣ መሣሪያዋም ከጣታቸው እንዳትወጣ ታዘዘ። ነርሷ አንድ ብቻዋን ብዙ አልጋ የምትጠብቅ ስለ ሆነች ልጁን ጠርታ ቁጥሩን አሳየችው፤ ከ90 ሲወርድ ና ጥራኝ አለችው። ለእናትየዋም ነገሩን በድምፁ አስረዳቻቸው፤ ሲቀጥን መልካም ነው፣ ሲወፍር ልጁን ይቀስቅሱት።

ከሌሊቱ በአንደኛው ሰዓት መብራት ጠፍቶ መሣሪያዋ በባትሪዋ ማደሯን ሰማሁ። በማግሥቱ ጧት ሻይና ዳቦ ይዤ ስደርስ ሽማግሌው ተኝተዋል፤ እናትየዋ በአልጋው ግርጌ መሬት ላይ ተቀምጠው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ልጁን ነርሷን ስንት ጊዜ ጠራሃት ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁለት ጊዜ» አለኝ፤ ዳቦውንም ተቀበለኝ።